ፊደልና የእናት ትከሻ

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለኪነ ጥበባችን ካወረሳቸው ምስሎች መካከል የተማሪዋን እናት ያህል የተወደደ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጇን በአንቀልባ አዝላ፣ ዓይኗን ከሰሌዳው ላይ ተክላ ፊደል የምትቆጥረው ሴት ጎልማሳን ማስተማር በተነሣ ቁጥር ተመልሳ ትመጣለች። ምስሉ ክቡር ዓላማ ነበረው፤ ልጅ ማሳደግና መማር የማይታረቁ ነገሮች አለመሆናቸውን ለሰፊው ሕዝብ አሳይቷል። ይሁን እንጂ የኪነ ጥበብ ሥራ በዓላማው ብቻ አይመዘንም። በዘመቻው ጊዜ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ የነበረችው፣ ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማን የያዘችው አሶሳ ይህን ምስል ለመፈተን ከብዙ ቦታዎች ትመረጣለች።

በዚህ ምድር አንቀልባው ራሱ የደጋ እንግዳ ነው። የጉሙዝ እናት ሸክሟን የምትጓዘው በትከሻዋ ላይ ባረፈ እንጨት በሁለቱም ጫፍ አንጠልጥላ ነው። የበርታ እናት የወንዝ አሸዋ እያጠበች ወርቅ ትለቅማለች፤ ማሽላ ታርማለች፣ ትፈጫለች። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ ከወሎ መጥተው በአሶሳ የሰፈራ መንደሮች ጎጆ የቀለሱት እናቶችም ልጆቻቸውን ያሳደጉት የማያውቁትን አየርና አፈር እየተማሩ ነበር። የከተማው ደራሲ «የቤት እመቤት» የሚላት፣ ከምድጃው አጠገብ ሆና ልጅ ከማሳደግ በቀር ሥራ የሌላት ገጸ ባሕርይ በዚህ ገጠር ተጨባጭ መሠረት የላትም። እዚህ እናትነት የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሌላውን ሥራ ሁሉ በአንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል።

የምስሉ ዋና ጉድለት ግን አንቀልባው አይደለም። በዘመኑ አነጋገር መሃይምነት ጨለማ፣ ፊደል ብርሃን ነበር። ዘይቤው ለቅስቀሳ ጠቅሟል፤ እናቲቱን ግን በድሏል። ሰሌዳ ፊት ከመቀመጧ በፊት ያለው ዕድሜዋ፣ ያጠባችበት፣ ያስታመመችበት፣ ሕፃን አፍ እንዲፈታ ያደረገችበት ዘመን ሁሉ በጥቁር ቀለም ይሸፈናልና። ቋንቋን ያህል ነገር ያስተማረች ሴት ምንም እንደማታውቅ ሆና ወደ መማሪያ ክፍል ትገባለች።

ማክሲም ጎርኪ «እናት» በተሰኘው ልቦለዱ ከዚህ የተሻለ መንገድ አሳይቷል። ፔላጌያ ኒሎቭና በእርጅናዋ መዳረሻ ማንበብ የምትማረው እናትነቷን ጥላ አይደለም፤ ወደ ፊደሉ የሚወስዳት ልጇ የተሰለፈበትን ዓላማ ለመረዳት ያላት ጉጉት ነው። በርቶልት ብሬኽት ይህንኑ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1932 ለመድረክ ሲያበቃው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጨመረበት። መምህሩ ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ጎጆ የሚናገሩ ቃላት ሲጽፍ፣ ጎልማሶቹ ተማሪዎች ለኑሯቸውና ለትግላቸው የሚያስፈልጓቸውን ቃላት እንዲያስቀድምላቸው ይሟገቱታል። የእኛዋ የሥዕል ተማሪ ግን እንዲህ ስትሟገት አትታይም፤ ዝም ብላ ትቀበላለች። በአሶሳ ሰሌዳ ላይ ወርቅ ማጠቢያው፣ ወፍጮው፣ የልጅ ንዳዱ መጻፍ ነበረባቸው የሚል ሠዓሊ አልተገኘም።

እዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ይነሣል። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሥራ ነው፤ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሩም ከዚያ በፊት ያልታየ ነበር። በርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻ ግን ከ15ቱ መካከል አልነበሩም። ስለዚህ የበርታ እናት እሹሩሩ ባላለችበት ቋንቋ ፊደል ቆጠረች።

ሕጉም ቢሆን የእናትን ጊዜ የሚቆጥረው በደመወዝ በኩል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረች ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከነደመወዟ ይሰጣል፤ ተገቢም ነው። ወርቅ ለቃሚዋ፣ አምስት ልጅ አሳድጋ ወደ ማታ ትምህርት የተመለሰችው ሴት ግን በዚህ ሚዛን የለችም። አሶሳ ዛሬ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ ቢሆንም በትምህርት ማስረጃ ዓይን ይህች ሴት ልጅ ያሳደገችባቸው ዓመታት ባዶ መስመር ናቸው። መድረካችንም ይህን ባዶ መስመር እንዳለ ገልብጦታል፤ የተመለሰችዋን እናት ዘግይታ የነቃች ያደርጋታል እንጂ ይዛው የመጣችውን አይጠይቃትም።

ዛሬ ሦስቱ ቋንቋዎች በክልሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። ለመጻሕፍቱ የሚያስፈልገው ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር የሚገኘው «ጨለማ» ከተባለው ከዚያው የእናቶች ዘመን ነው። መጻሕፍቱ ግን የተዘጋጁት በላቲን ፊደል ነው። በዘመቻው የግዕዝን ፊደል ለይታ የምስክር ወረቀቷን የተቀበለች የበርታ ሴት፣ ምናልባት ራሷ ያወጋችው ተረት የታተመበትን የልጅ ልጇን መጽሐፍ ለማንበብ እንደገና ከሀ ሳይሆን ከኤ መጀመር ይኖርባታል። አሮጊቷ በልጅቷ ጣት እየተመራች፣ ልጅቷም የቃሉን ትርጉም ከአሮጊቷ እየጠየቀች፣ ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ላይ ጎንበስ ያሉበት ሥዕል ገና አልተሣለም።