ትከሻዋ አንዴም አልዘለለም!

እስክስታን በቪሲዲ ብቻ ያያችሁ ሁሉ፣ ግማሹን ነው ያያችሁት! ጎንደር፣ እንፍራንዝ፣ አክስቴ ቤት፣ የ1987 ዓ.ም. የጥር ሠርጓን መጀመሪያ በቪኤችኤስ ካሴት፣ ቀጥሎ ያው ካሴት በተገለበጠበት ቪሲዲ፣ በዚያው በድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን አየሁና ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

ዳሱ ሞልቷል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ይገዘግዛል። አንዲት ልጅ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መሐል ትገባለች። በካሴቱ ላይ ትከሻዋ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ መሐል ላይ ሲርገበገብ አንዱም አያመልጥም፤ የነጠላዋ ጫፍ ትከሻዋን ተከትሎ ሲንቀጠቀጥ እንኳ ይታያል! በቪሲዲው ልጅቷም ዳሱም ያው ናቸው፤ ትከሻዋ ግን ከዚህ እዚያ ይዘላል።

ምስጢሩ እንዴት ደስ ይላል! በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ በፓል፣ የቪኤችኤስ ካሜራ በሰከንድ 50 ጊዜ ያነሣል፦ አንዴ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን መስመር፣ አንዴ ደግሞ በመካከል የቀሩትን። ቪሲዲ የሚይዘው በሰከንድ 25 ምስል ብቻ ነው፤ ያውም 352 በ288 ነጥብ። ሲገለበጥ ከእያንዳንዱ ሁለት ቅጽበት አንዱ ይቀራል። ለንግግር ምንም አይደል፤ ለጎንደር ትከሻ ግን ግማሽ ሕይወት ነው። እልልታው ደርቶ ሁሉም ሲነሣ ደግሞ የቪሲዲው ሥዕል አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ጄቪሲ ያወጣው ካሴት እ.ኤ.አ. በ1993 የመጣውን ዲስክ በዚህ መብለጡ! የካሴቱን ጉድለት አልደብቅም፤ የጥለቱ ቀይ ከዳሩ አልፎ ይፈስሳል፣ ፊትም ይደበዝዛል። ዲቪዲ በጥራት ጥሎት ይሄዳል፤ በ720 በ576 ነጥብ 50ዎቹንም ቅጽበቶች መያዝ ይችላል።

አክስቴ ግን ምንም አልደነቃትም። «እኔስ ያኔውኑ ብያለሁ ልጄ፣ ሲዲው የኔን ሠርግ አይመስልም» አለችኝ። ዓይኗ ቀድሞ አውቆታል!

ካሴት በቁም ሣጥን ያስቀመጣችሁ፣ ወደ ፍላሽ ስታስገለብጡ ከሲዲው እንዳይሆን፤ ከራሱ ከካሴቱ ይሁን። ባለሙያውንም «በሰከንድ 50 አድርግልኝ» በሉት። ፈጠን በሉ፤ የጃፓኑ ፉናይ እንኳ ዴክ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል፤ የሚሠራ ዴክ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ዛሬውኑ በሩን አንኳኩ!