ቀሚሱ አሳቀን፣ ሰውየው ግን አልታየንም
(ስለ ዕንቁጣጣሹ ድራማችን የቀረበ ሂስና ግለ ሂስ)



እኛ የዚህች በእጅ እየተገለበጠች ከብሎክ ብሎክ የምትዞር መድበል አዘጋጆች እስከ ዛሬ የሰው ሥራ ስንመዝን ቆይተናል። የዛሬው ሂስ ግን በገዛ ሥራችን ላይ ነው። ለዕንቁጣጣሽ የቀረበችውን ሦስት ትዕይንት ያላት አጭር ድራማ የጻፍናትም ያዘጋጀናትም እኛው ነን። ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ስቆልናል፤ እኛም በሳቁ ኮርተን ነበር። ከበዓሉ ሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከናይሮቢ በመጣ ሰው እጅ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ስለ ደብዳቤው ኋላ እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ሥራችንን እንመርምር።

የድራማዋ ታሪክ የሚፈጸመው ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው። ያን ጊዜ የኬንያ መንግሥት «ኡሳላማ ዎች» ብሎ በሰየመው ዘመቻ ፖሊስ ኢስሊን ቤት ለቤት ማሰሱን፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው፣ አብዛኛው ሶማሌ፣ ታፍሶ ካሳራኒ ስታዲየም መወሰዱን የማያስታውስ የለም። የኛም ወገኖች ነበሩበት። በአንደኛው ትዕይንት ወረቀት የሌለው ወጣት ከፎቅ ደረጃ ላይ የቦት ጫማ ድምፅ ይሰማል። መብራቱን ያጠፋል፤ ምጣዱን ከእሳት ያወርዳል፤ ትንፋሹን ይውጣል። ይህ ትዕይንት ጥሩ ነው። ቃል ሳይበዛበት ፍርሃትን ያሳያል። ብዙዎቻችሁ ስታዩት ዝም ማለታችሁን አስተውለናል።

ጥፋታችን የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። አከራይዋ ለወጣቱ ቀሚሷንና ሻሿን ትሰጠዋለች፤ ወጣቱም ይለብሳል። እዚህ ላይ ፍርሃቱን ጥለን ሳቁን አነሣን። ተዋናያችን ደረቱ ላይ ሁለት ብርቱካን ጠቀጠቀ፤ ዳሌውን እያማታ፣ ድምፁን እያቀጠነ፣ ዐይኑን እያርገበገበ መድረኩን ዞረ። ከሥነ ጥበብ አንጻር ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ፖሊስ ደጃፉ ላይ የቆመ፣ ሊሰወር የሚሻ ሰው ዳሌውን አያማታም! ሊሰወር የሚሻ ሰው ከግድግዳው ጋር ተመሳስሎ፣ አቀርቅሮ፣ ዘንቢሉን ይዞ ያልፋል። የኛ ገጸ ባሕርይ ግን የተደበቀው «እዩኝ» እያለ ነው። በዚህ ካምፕ ውስጥስ እንደዚያ የምትራመድ አንዲት ሴት ማን አይቷል? ውኃ ለመቅዳት ጀሪካን የምታንከባልል፣ ለራሽን ሰልፍ ፀሐይ ላይ የምትቆም ሴት አካሄዷ ያ ነው? ስለዚህ በአንድ ቀሚስ ሁለት ሰው ሰደብን፤ ወጣቱንም፣ ቀሚሱን የሰጠችውን ሴትም።

ሦስተኛው ትዕይንት ይብሳል። ፖሊሱ ወጣቱን ያገኘዋል፤ ሻሹን ይገፍፋል፤ ቀሚሱን ይጎትታል፤ ብርቱካኖቹ ይንከባለላሉ፤ መጋረጃው ይዘጋል። ከሁሉ የበለጠ ሳቅ የተሰማው እዚህ ላይ ነበር። የገዛ ብዕራችን የሠራውን አሁን መልሰን ስናነበው፣ ያሳቅነው ሰው በአደባባይ ልብሱ ሲገፈፍ በማሳየት ኖሯል።

ልብስ መግፈፍ በናይሮቢ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 አንዲት ሴት በከተማዋ አውቶቡስ ፌርማታ «አለባበስሽ ነውር ነው» ብለው በከበቧት ወንዶች ልብሷ ተገፈፈ። በዚያው ወር በ17 ቀን ብዙ ሴቶች፣ ወንዶችም ተጨምረው፣ «ልብሴ ምርጫዬ ነው» እያሉ በናይሮቢ ጎዳና ሰልፍ ወጡ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2013፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በወንድነት ተወልዳ በሴትነት የምትኖር አንዲትን ሰው ፖሊሶች በሰው ፊት ልብሷን በመግፈፋቸው ሰብአዊ ክብሯ ተደፍሯል ብሎ 200,000 ሽልንግ ካሳ ፈርዶላታል። አንዷ አጭር ለበሰች ተብላ፣ ሌላዋ የሴት ለበሰች ተብላ ተገፈፉ። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ገፋፊው እጅ አንድ ነው፤ «በሰውነትሽ ላይ ምን እንደሚውል የምወስነው እኔ ነኝ» የሚል እጅ። እኛም መድረክ ላይ ያንኑ እጅ አስጨበጨብንለት። ከተመልካቾቻችን መካከል በመንገድ፣ በድንበር፣ በኬላ ይህ የደረሰባቸው እኅቶች ተቀምጠው እንደነበር እያወቅን።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ስም የለበትም። ፊደሉ ሆን ተብሎ ተጣሟል፤ ጸሐፊው የእጅ ጽሑፉን እንዳናውቅበት የተጠነቀቀ ይመስላል። እኛም ማንነቱን ለማወቅ አልሞከርንም፤ አንባቢም እንዳይሞክር እንለምናለን። ከይዘቱ የምንጠቅሰው እርሱ «ብታወጡት ፈቅጃለሁ» ያለንን ብቻ ነው።

«በበዓሉ ቀን መጥቼ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር» ይላል። «ማንም እንዳይጠረጥረኝ ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ይህ ሰው ናይሮቢ ነዋሪ ነው። ቀን የጉልበት ሥራ ይሠራል። ጊኮምባ ገበያ ከተቆለለው ሰልባጅ መካከል የሴት ሸሚዝ መርጦ ይገዛል፤ ቁልፉ በግራ በኩል ከመሆኑ በቀር ከወንድ ሸሚዝ የማይለይ ዓይነት። እርሱን ከጃኬቱ ሥር ለብሶ ሥራ ይውላል። ማታ በሩን ቆልፎ፣ መጋረጃውን ጋርዶ፣ ቀሚስ ለብሶ ሻይ ያፈላል፤ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሌላ ምሥጢር የለውም። «ምን እንደሆንሁ ስም አላወጣሁለትም። ቀሚሱን ስለብስ ትከሻዬ ይረግባል፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። እንዲጨበጨብልኝ አልፈልግም። መንገድ ላይ ልብ ሳይለኝ የሚያልፍ ሰው ይበቃኛል።»

ይህን ስናነብ ከሦስታችን አንዱም አልተናገረም። ምክንያቱም የኛ ድራማ ሊያሳየው ያልቻለው መደበቅ ይህ ነው። ይህ ሰው የሚደበቀው ለአንድ ሌሊት አፈሳ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ነው። ደግሞም የሚደበቀው ከፖሊስ ይልቅ ከኛ ነው። በሕጉ በኩል የኬንያ ወንጀለኛ መቅጫ ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ የሚል አንቀጽ የለውም። አንቀጽ 162 የሚከለክለው የግብረ ሥጋ ግንኙነትን ነው፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በሜይ 2019 አንቀጹን አልሽርም ብሏል። ልብስ ግን ሌላ ነገር ነው። መንገደኛው ግን አንቀጽ አያነብም፤ ያየውን ቀሚስ ተርጉሞ፣ ከሶ፣ ፈርዶ፣ ቅጣቱንም እዚያው ይፈጽማል።

ኤድዊን ቺሎባን አንባብያን ታስታውሱት ይሆናል። የወንድና የሴት የሚባለውን አለባበስ እያቀላቀለ ይለብስ የነበረ ወጣት የልብስ ንድፍ ባለሙያ ነበር። በጃንዋሪ 2023 ኤልዶሬት አቅራቢያ ሬሳው በብረት ሣጥን ተጥሎ ተገኘ፤ ገዳዩም በዲሴምበር 2024 የ50 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የተገደለው በአለባበሱ ነው አንልም። የምንለው፣ ያን ሰሞን እኛው ሻይ ቤት የሰማነው ወሬ ስለ ሞቱ ሳይሆን ስለ ቀሚሱ እንደነበረ ነው። የሰው ልጅ ሬሳ በሣጥን ተገኝቶ ስለ ልብሱ የሚያወጋ ሰፈር፣ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ትልቅ የቤት ሥራ ነው።

የመድረክ ታሪክ ለዚህ ትምህርት አለው። በዘመናዊ ትያትራችን የመጀመሪያ ዐሥርታት ሴት መድረክ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በእንግሊዝም እንዲሁ ነበር። ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሳቸው በኦቴሎና በሐምሌት ያሉት ዴዝዴሞናና ኦፌልያ መጀመሪያ የተሠሩት ቀሚስ በለበሱ ልጆች ነው። በጃፓን ካቡኪ ትያትር ሴቶች ከ1629 ጀምሮ ስለ ተከለከሉ ወንዶች የሴትን ሚና ዕድሜ ልክ የሚጠና ጥበብ አደረጉት። የነዚህ ሁሉ ዓላማ መታመን ነበር። ተመልካቹ ወንዱን ረስቶ ለሴቲቱ እንዲያለቅስ ይደክሙ ነበር። በአገራችን ሰላማዊት ገብረ ሥላሴንና አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ሴቶች መድረኩን ከተረከቡ በኋላ ለሚና ሲባል ወንድን ቀሚስ ማልበስ አስፈላጊነቱ ቀረ፤ የቀረው ለሳቅ መልበሱ ብቻ ሆነ። ዛሬ በስልካችን የምናያቸው የናይሮቢ ቀልደኞችም ሌሶ አገልድመው፣ ሻሽ አስረው እናት ይሆናሉ። ከነርሱ መካከል እናቱን በደንብ ያጠና አለ፤ ስናየው የገዛ እናታችን ትታወሰናለች። ብርቱካን ብቻ የጠቀጠቀም አለ፤ እርሱ የኛ ብጤ ነው። ልዩነቱ ከቀሚሱ ሳይሆን ከጥናቱ ነው።

ሌላው የመደበቂያ ታሪክ ነው። ልጅ ኢያሱ በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ ሲያመልጡ የሴት ልብስ ለብሰው ነበር እየተባለ ይወራል። በቀይ ሽብር ዘመን በእኅታቸው ነጠላ ተሸፋፍነው ኬላ አለፉ ስለሚባሉ ወጣቶችም አዛውንቶቻችን ሲያወጉ ሰምተናል። ስናወራው ማንም አይስቅም፤ «ጎበዝ፣ ተረፈ» እንላለን። ነፍሱን ለማትረፍ ቀሚስ የለበሰውን ጎበዝ ካልን፣ ነፍሱ እንድታርፍ በቆለፈው ቤት ውስጥ የሚለብሰውን ለመስደብ ምን ያቻኩለናል?

እዚህ ላይ «መጽሐፉስ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ወንድ የሴትን፣ ሴትም የወንድን ልብስ እንዳይለብሱ ይከለክላል። ቃሉን አንክድም። ነገር ግን ያው ቤተ ክርስቲያን የወንድ መነኩሴ ልብስ ለብሳ በወንዶች ገዳም የኖረችውን፣ ሴት አስረግዘሻል ተብላ ስትከሰስ «ሴት ነኝ» ብላ ራሷን ነጻ ሳታወጣ መከራውን ተሸክማ የኖረችውን ቅድስት እንባ መሪናን ታከብራለች። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸው አላልንም። እኛ የምንመለከተው እንደ ጸሐፊ ነው፤ ያ ታሪክ ልብሷን ለሳቅ አላዋለውም። ምሥጢር ያለበትን ሰው በክብር መተረክ እንደሚቻል ከኛ በፊት የነበሩ ጸሐፍት ያውቁ ነበር።

ደግሞስ የወንድና የሴት ልብስ ድንበሩ የት ነው? ሱሪ መታጠቅን የጀግንነት ምልክት አድርገን ያደግን ሰዎች እዚህ መጥተን ያየነው ምንድን ነው? ቱርካናው ጎረቤታችን ጨርቁን አገልድሞ ከብት ይነዳል፤ ሶማሌው ሽርጡን አሸርጦ መስጊድ ይሄዳል፤ ማሳዩ ሹካውን ለብሶ ናይሮቢ መሀል ይቆማል። ወንድነታቸውን የሚጠረጥር የለም። በኛም ቤት ኩታና ነጠላ ከአንድ ሸማኔ እጅ ይወጣሉ፤ የሚለያቸው ስፋታቸው፣ ጥለታቸውና አለባበሳቸው ነው። ጨርቁ ራሱ የማን እንደሆነ አያውቅም። ትርጉሙን የምንሰጠው እኛ ነን፤ የሰጠነውን ትርጉም ደግሞ ሳንጨካከን መያዝ ይገባናል።

በአዘጋጆቹ መካከል ሙሉ ስምምነት የለም፤ ይህን መደበቅ አንሻም። አንደኛችን ነገሩ ከእምነቱ ጋር አይሄድለትም፤ አሁንም አልሄደለትም። ግን እርሱ ራሱ «ባልስማማበትም የሰው ልብስ ሲገፈፍ የሚያስቅ ነገር ከብዕሬ አይወጣም» ብሏል። ሦስታችን የተስማማንበት ይህ ነው፤ ለጊዜው ይበቃናል።

ስለዚህ ድራማዋን እንደገና እየጻፍናት ነው። በሁለተኛው ትዕይንት ብርቱካኑ ይቀራል። ወጣቱ ቀሚሱን ለብሶ ዝም ብሎ ይቆማል፤ አከራይዋ ሻሹን ታስተካክልለታለች፤ እንዴት እንደሚራመድ ታስተምረዋለች፤ «እንደ ደከመው ሰው ተራመድ» ትለዋለች። ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ፖሊሱ ያልፈዋል፤ አያስተውለውም። ቦት ጫማው ርቆ ከሄደ በኋላ ወጣቱ ቀሚሱን ለማውለቅ ጥቂት ይዘገያል። ለምን እንደዘገየ አንናገርም፤ ተመልካቹ ይጨርሰው። ምናልባት አዳራሹ አይስቅም። ፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ግን በግድ መሳቅ አያስፈልገውም።

አንባብያን ሆይ፣ የምትቃወሙም የምትደግፉም ሐሳባችሁን ጻፉልን፤ ስም ባይኖርበትም እንቀበላለን። ደብዳቤ የላክህልን ወንድማችን፣ ይህች ቅጂ እጅህ ከገባች፣ በሳቃችን ስላደማንህ ይቅርታ እንጠይቅሃለን።

ቸር ይግጠመን።
አዘጋጆቹ