የጦር ውልና የባለ አክሲዮኑ ዕድል

ከጓደኞቼ ጋር ስለ አክሲዮን ገበያ በተነጋገርን ቍጥር አንድ አሳብ ደጋግሞ ይነሣል። የአሜሪካ መንግሥት ጦሩን አያስርብም፤ የዛሬ ጦርነት ደግሞ በኮምፒዩተርም የሚደረግ ስለ ሆነ፣ ለመከላከያ ሚኒስቴሩ የኮምፒዩተር ጸጥታ መጠበቂያ ከሚሠራ ትንሽ ኩባንያ አክሲዮን የገዛ ሰው ሳይከብር አይቀርም ይላሉ። አሳቡ ለጆሮ ይጥማል። በበኩሌ ግን እውነትነቱ ግማሽ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ውሉ ኩባንያውን በሕይወት ያኖረዋል፤ ባለ አክሲዮኑን ማበልጸጉ ሌላ ጕዳይ ነው።

ኪ-ደብልዩ የተባለውን ኩባንያ እንመልከት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ2008 በሜሪላንድ፣ ከብሔራዊ ጸጥታ ድርጅቱ ከፎርት ሚድ ብዙ ሳይርቅ ተቋቋመ። መሥራቹ ሌናርድ ሙዲስፓው ቀደም ሲል በዚያው አካባቢ ለስለላ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራውን ኤሴክስ ኮርፖሬሽንን ይመሩ ነበር። ኖርዝሮፕ ግራማን በ2007 መጀመሪያ ላይ ኤሴክስን አክሲዮኑን በ24 ዶላር ሒሳብ፣ በጠቅላላው በ580 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። አክሲዮኑ በጥቂት ዶላር ይሸጥ በነበረበት ጊዜ የገቡ ሰዎች በእርግጥ ተጠቅመዋል። የጓደኞቼ እምነት የሚወለደው እንዲህ ካለው ታሪክ ይመስለኛል።

የኪ-ደብልዩ ባለ አክሲዮኖችም ያንኑ ቢጠብቁ አይፈረድባቸውም። ኩባንያው በኦክቶበር 2010 አክሲዮኑን ለሕዝብ በ10 ዶላር ሸጠ። በ2019 አጋማሽ ጃኮብስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ በ11 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገዝቶ ጠቀለለው። ወደ ዘጠኝ ዓመት ለሚጠጋ ትዕግሥት የተገኘው 12 ከግማሽ በመቶ ነው፤ ለየዓመቱ ሲከፈል አንድ ከግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። የትርፍ ድርሻም በመካከሉ አልተከፈለም። በዚያው ዘመን የአምስት መቶዎቹ ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ ከእጥፍ በላይ አድጎ ነበር። ደንበኛው ያው ነው፤ ውልም አልጠፋም።

ታዲያ ትርፉ የት ገባ? አንደኛው መልስ በሕግ ውስጥ ይገኛል። መንግሥት የሥራውን ወጪ ከፍሎ የተወሰነ የድካም ዋጋ በሚጨምርበት ውል፣ ይህ ጭማሪ ለምርምር ሥራ ከተገመተው ወጪ 15 በመቶ፣ ለብዙው ሌላ ሥራ 10 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ጋዜጣ በትልቅ ፊደል የሚያወጣው የውል መጠንም ብዙ ጊዜ ከፍተኛው ወሰን እንጂ የተመደበ ገንዘብ አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ እንደሚባለው ነው።

ኪ-ደብልዩ ከዚህ ጠባብ ትርፍ ለመውጣት ሞክሯል። ሄክሲስ የተባለ ቅርንጫፍ አቋቁሞ፣ ለመንግሥት በመሥራት ያገኘውን ዕውቀት ለንግድ ቤቶች ሊሸጥ ተነሣ። ኪሳራ አስከተለበት፤ በ2016 ሸጦ ተገላገለው። በ2017 ደግሞ ሶቴራ የተባለውን የመከላከያ ኩባንያ በ235 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ከዋጋው አብዛኛውን ተበደረ። ጃኮብስ በመጣ ጊዜ ከተነገረው 815 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 272 ሚሊዮን ያህሉ ዕዳ ነበረ። አበዳሪው ከባለ አክሲዮኑ ቀድሞ እንደሚከፈል የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ አክሲዮን ሲገዛ ግን የሚረሳው ይመስለኛል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ምስጢሩ ነው። ባለ አክሲዮን በኩባንያው አለቆች ላይ ያለው ሥልጣን ሥራቸውን አይቶ በመመዘን ላይ የቆመ ነው። እዚህ ግን ሥራው በስለላ ሕግ የተዘጋ ነው። ሒሳቡ ይታያል፤ ምን እንደ ተሠራ፣ ደንበኛው ረክቶ እንደ ሆነ፣ ውሉ ይታደስ እንደ ሆነ አይታይም። ስለዚህ ገዢው የሚመካው በመሪው ስምና በቀድሞ ዝናው ላይ ነው። የኤሴክስ ስም ለኪ-ደብልዩ አክሲዮን ገበያ እንዳሟሟቀለት አልጠራጠርም። ምስጢሩን የሚያውቁት የውስጥ ሰዎች ከማያውቀው ገዢ ጋር በአንድ ገበያ ሲገናኙ ሚዛኑ እኩል ነው ማለት አይቻልም፤ ማንም ሕግ ባይጥስ እንኳ።

ጓደኞቼ የኤሴክስን 24 ዶላር ሲጠቅሱልን፣ ገዢዎቹ በስንት ዶላር እንደ ገቡና ኩባንያው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ዕዳ እንደ ነበረበት ጨምረው ቢነግሩን ክርክራችን ይቃና ነበር።