የግድግዳ ሥዕልና ዐውዱ፦ ከበርሊን ሁለት ማሳያዎች

የሥነ ቃል ተማሪ አስቀድሞ ከሚረዳቸው ነገሮች አንዱ፣ ቃል ግጥም ከተባለበት ቦታና ጊዜ ተነጥሎ ሲቀርብ ትርጉሙ እንደሚጎድል ነው። ለቅሶ ላይ የወረደ ሙሾ በደብተር ሲሰፍር ቃሉ አይለወጥም፤ ሟቹ፣ አልቃሿና ደረት የሚመታው ታዳሚ ግን በደብተሩ ውስጥ የሉም። ይህን ለዓመታት እያስተማርሁ፣ የግድግዳ ሥዕልን ግን ከፎቶግራፍ ብቻ ስተረጉም ኖሬአለሁ። አንድ ቀን በበርሊን ግንብ ላይ የተሣለ ሥዕል ለተማሪዎቼ አሳይቼ ቀለሙንና ቅርጹን ስተነትን፣ አንዲት ተማሪ ሥዕሉ በግንቡ በየትኛው ወገን እንዳለ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው።

ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1990 የሣለው ሩሲያዊው ዲሚትሪ ቭሩቤል ነው። የሶቪየት ኅብረቱ ብሬዥኔቭና የምሥራቅ ጀርመኑ ሆኔከር አፍ ለአፍ ገጥመው ሲሳሳሙ ያሳያል። መነሻው በ1979 የምሥራቅ ጀርመን 30ኛ ዓመት ሲከበር የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። አብሮት ያለው ጽሑፍ ከዚህ ገዳይ ፍቅር እንዲያተርፈው አምላክን የሚማጸን ነው። እኔ ሥዕሉን እንደ ፌዝ ብቻ ወስጄው ነበር። ይሁን እንጂ ግንቡ ከ1961 እስከ 1989 ከተማይቱን ለሁለት ከፍሎ ሲኖር፣ ሰዎች ይሥሉበትና ይጽፉበት የነበረው በምዕራብ በኩል ነው። የምሥራቅ በርሊን ነዋሪ በድንበር ጠባቂው ዓይን ሥር ብሩሽ ይዞ ወደ ግንቡ ሊጠጋ የሚታሰብ አልነበረም። ቭሩቤልና ከ21 አገሮች የመጡ ከመቶ በላይ ሠዓሊዎች 1.3 ኪሎ ሜትር ያህል የሣሉት በዚሁ በምሥራቁ ገጽ ላይ ነው። እንግዲህ የሥዕሉ ሰም መሳሳሙ ነው፤ ወርቁ ግን እጅ በዚያ ወገን ግንቡን መንካቱ ነው። ይህን ወርቅ ፎቶግራፉ አያሳይም።

ዝናቡ፣ የመኪናው ጭስና የጎብኚው ጽሑፍ ሥዕሎቹን ስለጎዳ፣ በ2009 የቀድሞው ቀለም ተነሥቶ ሠዓሊዎቹ ሥራቸውን እንደገና እንዲሥሉ ተጠየቁ። ቭሩቤል ደግሞ ሣለው፤ አንዳንዶቹ ግን እምቢ አሉ። የሁለቱም ወገን ምክንያት ይገባኛል። ሙሾ ከዓመታት በኋላ ቢደገም መታሰቢያ እንጂ ለቅሶ አይሆንም። መታሰቢያ የራሱ ፋይዳ አለው፤ ሐያሲው ግን አንዱን በሌላው ስም መጥራት የለበትም።

ከወንዙ ማዶ፣ በክሮይዝበርግ ሰፈር፣ ተቃራኒው ሆነ። ብሉ በሚል የብዕር ስም መሰል መጠሪያ የሚታወቀው ጣሊያናዊ ሠዓሊ በ2007 እና በ2008 ሁለት ግዙፍ ሥዕሎችን በሕንፃ ግድግዳ ላይ ሥሎ ነበር። በአንደኛው፣ ራስ የሌለው ሰው ከረባቱን ያስተካክላል፤ በሁለት እጆቹ ያሰራቸው የወርቅ ሰዓቶች በሰንሰለት ተያይዘው እግረ ሙቅ መስለዋል። ሥዕሎቹ ዝነኛ ሆኑ። ከፊታቸው የነበረው ባዶ መሬት ለግንባታ ሲፈለግና የሰፈሩ ኪራይ ሲንር፣ ገንዘብን የነቀፈው ሥዕል ለገንዘብ ማስታወቂያ ሆነ። በዲሴምበር 2014፣ በሠዓሊው ፈቃድ፣ ሥዕሎቹ በአንድ ሌሊት ጥቁር ቀለም ተቀቡ።

በእኔ አስተያየት ይህ ማጥፋት የሥዕሉ የመጨረሻ ስንኝ ነው፤ ሠዓሊው ዐውዱ ሲለወጥ ቃሉን ከአፉ መለሰ። ነገር ግን አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሥዕሉን በየማለዳው በመስኮታቸው ሲያዩት የኖሩት ጎረቤቶችም ታዳሚዎቹ ነበሩ፤ የእነርሱ ድርሻስ? ለዚህ የተሟላ መልስ የለኝም። ሙሾ የአልቃሿ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የአደባባይ ሥዕልም የሠዓሊው ብቻ አይመስለኝም።

ስለዚህ የግድግዳ ሥዕል ፋይዳ ቀለሙ በቆየበት ዘመን ርዝመት አይለካም። ግድግዳው የማን ነው? ፊት ለፊቱ የሚኖረው ማን ነው? ያኔ እዚያ መሣል ምን ያስከፍል ነበር? እነዚህን ሳይጠይቅ ስለ መስመርና ስለ ቀለም የሚያትት ሐያሲ፣ ለቅሶ ሳይደርስ ስለ ሙሾ እንደሚናገር ሰው ነው። ዛሬ ያንን ሥዕል ለተማሪዎች ሳሳይ፣ አስቀድሜ የምናገረው በየትኛው ወገን እንዳለ ነው።