ስሌትና ስታይለስ

በስሌትና በስታይለስ ብሬል የሚጽፍ ዓይነ ስውር ተማሪ መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቋረጥም፤ መሣሪያው ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። ስሌት ማለት በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ናቸው፤ ወፍራም ወረቀት በመካከላቸው ይገባል። የላይኛው ሰሌዳ በመስመር የተደረደሩ ትናንሽ መስኮቶች አሉት፤ የታችኛው ደግሞ በየመስኮቱ ትይዩ ስድስት ስድስት ጎድጓዳ ነጥቦች። ስታይለሱ መዳፍ ውስጥ ደልደል የሚል እጀታና ደነዝ የብረት ጫፍ አለው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የተማሪው ችሎታ ነው። ወረቀቱ በስታይለሱ ሲወጋ ነጥቡ ጎልቶ የሚወጣው በጀርባው ስለሆነ፣ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ያውም ቅርጹ ተገልብጦ ነው፤ ወረቀቱ ሲዞር ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በአማርኛ ብሬል ደግሞ ሥራው ይበዛል፦ ዓይናማው «ባ» ብሎ በአንድ ፊደል የሚገላገለውን፣ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ እየወጋ ይጽፈዋል። ይህን ሁሉ እያደረገ ከመምህሩ አንደበት እኩል ማስታወሻ የሚይዝ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ሌላ ቃል የለውም።

ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ይህን የነጥብ ጽሕፈት የቀመረው በ15 ዓመቱ ግድም ነበር።

በእኛ አገር ደግሞ ዓይነ ስውርነት ከትምህርት ያላገዳቸው አሉ፤ ለምሳሌ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃለች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልማለች። ዛሬ ጽሑፍ የሚያነቡ ስልኮች ብዙ ሸክም አቅልለዋል፤ ይሁንና የቃላትን አጻጻፍ ጠንቅቆ ለማወቅ ጆሮ ብቻውን አይበቃም፤ ትንንሾቹ ተማሪዎች ፊደሉን በጣታቸው ሊያገኙት ይገባል።