ተለያዩ ወይስ ተዋት?

«ብሬክ አፕ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ቃል በቃል ብትፈታ «መሰባበር» በሆነች ነበር። ተርጓሚዎቻችን፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ከዚህ ስሕተት ድነዋል። የእነርሱ ችግር ሌላ ነው፤ ሐረጊቱን ባገኙበት ቦታ ሁሉ የሚያዝዙላት መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ «መለያየት»።

ሐረጊቱ ግን ብዙ ቤት አላት። የእንግሊዝ ተማሪ «መቼ ነው ብሬክ አፕ የምታደርጉት?» ተብሎ ቢጠየቅ ስለ ፍቅረኛው እንዳይመስላችሁ፤ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት የሚዘጋበትን ቀን ነው የሚናገረው። በስልክ ላይ ከሆነ «ድምፅህ ይቆራረጣል» ማለት ነው። ፖሊስ ጠብን ሲሆን ይገላግላል፣ ሰልፍን ሲሆን ይበትናል፤ ለሁለቱም እንግሊዝኛው ያችኑ ሐረግ ይጠቀማል። በ1984 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ተከፋፍሎ ሰባት የአካባቢ ኩባንያዎች ሲወጡለትም ስሙ ይኸው ነበር። አላስካ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ የወቅት መጠሪያ ነው፤ የወንዙ በረዶ ተሰነጣጥቆ መፍሰስ የሚጀምርበት። በነናና ከተማ የታናና ወንዝ በረዶ የሚሰበርበትን ቀንና ደቂቃ እየገመቱ መወራረድ ከ1917 ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው።

ለዚህ ሁሉ ዐውዱ ራሱ ይመራል። እኔን የሚቆረቁረኝ የፍቅሩ ጉዳይ ነው።

እንግሊዝኛው «ሁለቱ ብሬክ አፕ አደረጉ» ሲል መለያየታቸውን እንጂ ማን እንደጀመረው አይነግረንም። «እሱ ከእሷ ጋር ብሬክ አፕ አደረገ» ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል። «ጋር» የምትለዋ ቃል የመስማማት ትምሰል እንጂ ተነሥቶ የሄደው እሱ ነው፣ የቀረችው እሷ ናት። ተርጓሚው «ከእሷ ጋር ተለያየ» ብሎ ሲያልፍ ውሳኔውን ለሁለት ያካፍለዋል። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ሦስት ገጽ ሙሉ ስታለቅስ አንባቢ ግራ ይገባዋል፤ «ተስማምተው የለም እንዴ የተለያዩት? ምን ያስለቅሳታል?» ይላል። አማርኛው ግን «ተዋት» የምትል ሦስት ፊደል ነበረችው። «ጥሏት ሄደ» አለ፤ «ተጣሉ» አለ፤ «ተኮራረፉ» አለ (ይኸኛው እንኳ ዕርቅ ሊከተለው ይችላል)።

የቃል ምርጫ ብያኔ መሆኑን ለማየት የቢትልስን ታሪክ መጻፍ መሞከር ይበቃል። እንግሊዝኛው በ1970 «ብሬክ አፕ አደረጉ» ብሎ ይገላገላል። ጆን ሌነን ቡድኑን እንደሚለቅ ለጓደኞቹ የነገራቸው ግን በሴፕቴምበር 1969 ነበር፤ ነገሩ ከሕዝብ ተደብቆ ቆየ። በኤፕሪል 1970 ጋዜጦች ያወጁት የፖል ማካርትኒን መልቀቅ ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ሽርክናው እንዲፈርስ ፍርድ ቤት የሄደውም እሱ ነው። እንግዲህ ምን እንበል? ሌነን ተዋቸው? ማካርትኒ አፈረሰው? ተበተኑ? «ተለያዩ» ብሎ መሸሽም ይቻላል፤ ግን ሲሸሽ መሸሹን የሚያውቅ ጸሐፊ አንድ ነገር ነው፣ ሳያውቅ የሚሸሽ ሌላ።

የከተማችን ወጣቶች «ብሬክ አፕ አድርገናል» ሲሉ ከሚቆጡት ወገን አይደለሁም። ቃል አጥተው አይመስለኝም። የአማርኛው ቃል ይፈርዳል፤ «ተወችኝ» ለማለት አንጀት ይጠይቃል። «ተለየችኝ» ቢሉ ደግሞ የቀብር ሽታ አለው፤ በሞት የተለየን ሰው የምናነሣበት ቃል ነውና። በባዕድ ቃል ገበናን መሸፈን የባለገበናው መብት ነው።

ተርጓሚ ግን የያዘው የሌላ ሰው ገበና ነው። ስለዚህ «ተለያየ» ብሎ ነጥብ ከማሳረፉ በፊት ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ተመልሶ ሻንጣውን ማን እንዳነሣ፣ በሩ ላይ ማን ቆሞ እንደቀረ ቢያይልን ምን አለበት?