የአጣቢዋ ልጅ ሰቆቃ፦ ስለ አቲላ ዮዤፍ ቅኔ

የሀንጋሪው ባለቅኔ አቲላ ዮዤፍ በሕይወቱ ሳለ የተነፈገውን ክብር ከሞተ በኋላ አብዝቶ ቢያገኝም፣ የተወለደባትም ዕለት፣ አፕሪል 11፣ ከ1964 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) በአገሩ የቅኔ በዓል ሆና ብትከበርም፣ አንባቢዎቹ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ከፊሎቹ የሠራተኛው መደብ ነጋሪት ጎሳሚ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ፍቅር የራበው የሙት ልጅ አድርገው ይተረጉሙታል። በእኔ አስተያየት ሁለቱን መነጣጠል ቅኔውን ነፍሱንና ሥጋውን መለየት ነው፤ በእርሱ ዘንድ ኀዘን ከሚደክም ሥጋ ተለይቶ አይታወቅምና፣ ፍቅርም ሠርተው እንዳልተከፈሉት ደመወዝ የሚጠየቅ ነውና።

በ1905 በቡዳፔስት፣ ፌሬንትስቫሮሽ በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ተወለደ። የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው አባቱ ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤቱን ጥሎ ጠፋ፤ ቤተሰቡም ወደ አሜሪካ የተሰደደ መስሎት ኖረ። እናቱ ቦርባላ የሰው ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆች ስታሳድግ ቆይታ በ1919 መጨረሻ በነቀርሳ በሽታ ሞተች። ልጁ ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበረ፤ ጋዜጣ መሸጥንም፣ ለምድጃ የሚሆን እንጨትና ከሰል ከባቡር ጣቢያ መስረቅንም አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1925፣ በሴጌድ ዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት ሲማር ሳለ ያሳተመው «በንጹሕ ልብ» የተባለ አጭር ግጥም፣ ከአባትና ከእናት፣ ከአምላክና ከአገር፣ ከሕፃን አልጋና ከመግነዝ የተራቆተ ወጣት የቀረችውን አንዲት ሀብት፣ ይኸውም ወጣትነቱን፣ እንደ ቀን ሠራተኛ ጉልበት ለገዢ ሲያቀርብ ያሳያል። አንድ ፕሮፌሰር በዚህ ግጥም ተቈጥቶ መምህር የመሆን ተስፋውን አቋረጠበት። ፕሮፌሰሩ ያየው የከሐዲ ድፍረት ነው፤ ያላየው ግን ለሽያጭ የቀረበችው ዕድሜ ራሷ የምታሰማውን ጩኸት ነው።

የዚህ ባለቅኔ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው ስለ እናቱ በጻፋቸው ቅኔዎች ነው። በ1931 የተጻፈው «እናቴ» በሰንበት ማምሻ ኩባያዋን በሁለት እጆቿ ይዛ ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት ያቀርብልናል፤ ከባለጸጎች ቤት የተረፋትን እራት በትንሽ ድስት ይዛ ስትመጣ፣ ሕፃኑ እነዚያ ሰዎች ድስት ሙሉ ይበላሉን ብሎ ይደነቃል። በ1934 በተጻፈው «እማማ» ደግሞ ልጁ እየጮኸና እግሩን እየወረወረ ቅርጫቱን ትታ እርሱን እንድትሸከመው ሲለምን፣ እርሷ ሳትቈጣውና ዘወር ብላ ሳታየው የታጠበውን ልብስ ይዛ ወደ ሰገነት ትወጣለች። በመጨረሻ ሙታን ወደሚያርፉበት ሰማይ ስትገባ እንኳ አታርፍም፤ ነጭ ልብስ የሚነከርበትን ሰማያዊ ቀለም በሰማዩ ውኃ ስትበጠብጥ እናያታለን። ባለቅኔው እናቱን ቅድስት አድርጎ ከሥራዋ ሊያወጣት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ዕርገቷን ራሱን የአጣቢነት ሥራ አደረገው። በኀዘን ግጥም ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ታማኝነት አላውቅም።

በ1935 ጀምሮት በዓመቱ በፈጸመው «የዘገየ ሙሾ» ይህ ታማኝነት ወደ ክስ ይለወጣል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባለቀበት ወራት ቡዳፔስት እንጀራ አጥታ ሳለ፣ ብላቴናው በባቡር ጣሪያ ላይ በደረቱ ተኝቶ ወደ ገጠር ተጕዞ ድንችና እህል በጆንያ፣ ለእናቱም ዶሮ ይዞ ሲመለስ እርሷ የለችም። ልቅሶው የሚቈጠረው በዚያ ሸክም ነው፤ የመጀመሪያው የልጅነት ደመወዝ ተቀባይ አጥቶ ቀርቷልና፣ እናቲቱ እንደ ከዳተኛ ትወቀሳለች።

ይህን ያስተዋለ አንባቢ የፍቅር ግጥሞቹንም በሌላ ዓይን ያያል። በ1933 በሊላፉሬድ ተራሮች ያገኛት ሴት ያስጻፈችው ታላቁ «ኦዳ» የተወዳጂቱን ውበት ከመልኳ ጀምሮ እስከ ደም ሥሮቿ፣ እስከ ሳንባዋና እስከ ኵላሊቷ ድረስ እየዘለቀ ያወድሳል። የእኛን መልክዐ ማርያም በቃል የሚያውቅ ሰው ከራስ ፀጉር አንሥቶ እስከ አማዑትና እስከ ኵልያት ሰላምታ የሚያቀርበውን ሥርዐት ወዲያው ያስታውሳል፤ ሁለቱ ትውፊቶች ግን ተዋውቀው አያውቁም፤ ፍጻሜያቸውም የተለያየ ነው። መልክዑ በሥጋ ውስጥ ጸጋን ይፈልጋል፤ ዮዤፍ ግን በተወዳጂቱ ሥጋ ውስጥ ከዋክብትንና ሐይቆችን ብቻ ሳይሆን የሚሠሩ ፋብሪካዎችንም ያገኛል። ከዚህ ሁሉ ልዕልና በኋላ ቅኔው በትንሽ ተጨማሪ መዝሙር ይዘጋል፤ በዚያም የሚገኘው ለብ ያለ ውኃ፣ ፎጣ፣ በመብሰል ላይ ያለ ሥጋና የተነጠፈ አልጋ ነው። የደከመ ሠራተኛ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚመኘው ይህንኑ ነውና፣ አንዳንድ ሐያስያን ይህን መጨረሻ እንደ መውረድ መቍጠራቸው ያሳዝነኛል።

በ1930 ሕገ ወጥ ወደ ነበረው የኮሙኒስት ፓርቲ ገብቶ ጥቂት ቈይቶ ከእርሱ ተለየ፤ ስለዚህ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። በታኅሣሥ 1937 በባላቶን ሐይቅ አጠገብ በዕቃ ባቡር ሥር ሲሞት ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበረ። ይህን ሞት የቅኔዎቹ ሁሉ መክፈቻ ቍልፍ የሚያደርጉ ሰዎች፣ በዚያው ዓመት በ7 ጥብቅ ሶኔቶች የተገነባውን «አገሬ» የተባለውን ሥራ ሊያስረዱ አይችሉም፤ ልቡ የፈረሰ ሰው እንዲህ ያለ ሕንጻ ከየት ያመጣል? በእርሱ ውስጥ ጣፋጭ ምግብ በሕልሟ የምታይ የሽመና ሠራተኛ ልጃገረድ አለች፤ ችግር ገፍቷቸው ወደ አሜሪካ የተሰደዱት አንድ ሚሊዮን ተኩል ሀንጋሪያውያንም አሉ። አባቱ ወደ አሜሪካ ሄደ እየተባለ ያደገው ልጅ እነዚያን ስደተኞች ሲቈጥር፣ የገዛ አባቱን ስም ሳያነሣ፣ የራሱን ኀዘን በአገሩ ኀዘን ውስጥ ያስገባዋል።